ሶፍትዌር ከመረከብዎ በፊት ኔትወርኩን ያጥፉት

ባለፈው ክረምት ይህ ጸሐፊ ስለ ድንች ገበያ ለመጻፍ ወደ ከምባታ ዞን ወርዶ፣ ሐምበሪቾ ተራራን በተጠጋችው አንጋጫ ከተማ ከአንድ የጅምላ ነጋዴ መጋዘን ገብቶ ነበር። ሲመለስም ለቤቱ አንድ ኩንታል ድንች ገዛ። ሒሳቡ ሁለት ሺህ ብር ነው። ጥሬ ገንዘብ ስላልያዘ በእጅ ስልኩ ላይ በጫነው የክፍያ መተግበሪያ ቁጥሩን ጽፎ «ላክ» የሚለውን ተጫነ። ኔትወርኩ ተቆራረጠ። ስልኩ አንድ ደቂቃ ያህል ሲያሽከረክር ቆይቶ «አልተሳካም፤ እንደገና ይሞክሩ» አለ። እንደገና ተሞከረ። ኔትወርኩ ሲመለስ ሁለት መልእክቶች ተከታትለው ገቡ፤ ሁለት ሺህ ብር ተልኳል፤ ሁለት ሺህ ብር ተልኳል።

ነጋዴው ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ደብተራቸውን ገልጠው አዩና «አንድ ኩንታል ነው የሸጥኩት ልጄ» ብለው ትርፉን ሁለት ሺህ ብር ከመሳቢያቸው ቆጥረው መለሱ። ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎን ነበር። እንዳላለቀ በኋላ እንመለስበታለን።

ይህ ብልሽት አስቀድሞ ሊታወቅ ይችል ነበር? አዎን። ለማወቅም አንጋጫ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። አዲስ አበባ ቢሮው ውስጥ የተቀመጠ ጥሩ የሶፍትዌር ፈታሽ፣ በተለምዶ «ቴስተር» የሚባለው ባለሙያ፣ ከምሳ በፊት ሊያገኘው ይችል ነበር። ዛሬ የመጋዘን፣ የሽያጭ፣ የቤት ኪራይ ወይም የክፍያ ሶፍትዌር የሚያሠራው ነጋዴና ባለሀብት ቁጥሩ ቀላል አይደለም። አብዛኛው ለፕሮግራም ጸሐፊው ይከፍላል፤ ለፈታሹ ግን አይከፍልም። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ትምህርታችን የፈታሹ ሙያ ምን እንደሆነ፣ በምን መሣሪያ እንደሚሠራና ከፋዩ ምን መጠየቅ እንዳለበት እንመለከታለን።

ከሁለት ሺህ ብር በላይ

አርብ መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለቅዳሜ አጥቢያ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ውስጥ ካላቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው እንደነበር ይታወሳል። ወሬው በተለይ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ ፈጥኖ ተዛመተና ሌሊቱን በኤቲኤም ማሽኖች ፊት ሰልፍ ሆነ። በእነዚያ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ የገንዘብ እንቅስቃሴ ተመዝግቧል። ብሔራዊ ባንክ ችግሩ የደረሰው በሲስተም ጥገናና ፍተሻ ሥራ ወቅት መሆኑን ገልጿል፤ ንግድ ባንክም የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ አስታውቋል። ባንኩ ያለአግባብ ወጣ ያለው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ሲሆን፣ ሦስት አራተኛ ያህሉን ያስመለሰው ደንበኞቹን በመለመን፣ በማስጠንቀቅና በመጨረሻም ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ በአደባባይ በመለጠፍ ጭምር ነው።

አንድ የፍተሻ ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት የሚጽፈው ፈተና «መቶ ብር ያለው ሰው መቶ አንድ ብር ቢጠይቅስ?» የሚል ነው። ይህን የማያውቅ ባለሙያ የለም። ቁም ነገሩ ፈተናው መቼ ይደገማል የሚለው ነው። ትናንት ያለፈ ፈተና ዛሬ አንድ መስመር ከተነካ በኋላ ዋጋ የለውም፤ እንደገና መፈተሽ አለበት። በሙያው «ሪግሬሽን» የሚሉት ይህንን ነው፤ አዲሱ ነገር መሥራቱን ብቻ ሳይሆን አሮጌው አለመበላሸቱንም ማረጋገጥ። በመኪና ብንመስለው፣ ፍሬን የቀየረ ጋራዥ መብራቱንም አይቶ ያስረክባል።

ደላሎችና የአክሲዮን ገበያ ተከታታዮች ደግሞ የናይት ካፒታልን ታሪክ ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል። ኩባንያው በኒውዮርክ ገበያ ከታወቁት አገናኞች አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 ጠዋት አዲስ ሶፍትዌር ሥራ ላይ አዋለ። ሶፍትዌሩ መጫን የነበረበት በስምንት ሰርቨሮች ላይ ሲሆን የተጫነው ግን በሰባቱ ላይ ነበር። ስምንተኛው ላይ ከዓመታት በፊት የተተወ አሮጌ ፕሮግራም ተኝቶ ቀርቶ ስለነበር፣ ገበያው ሲከፈት ነቅቶ ያለማቋረጥ ይገዛና ይሸጥ ጀመር። በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰሩ። የሚያሳዝነው ደግሞ ገበያው ከመከፈቱ በፊት ሲስተሙ ራሱ 97 የማስጠንቀቂያ ኢሜይሎች ለሠራተኞች ልኮ ነበር፤ ልብ ብሎ እርምጃ የወሰደ አልተገኘም። ናይት በዓመቱ በሌላ ኩባንያ ተጠቀለለ። በአገራችንም የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ስለጀመረ፣ ታሪኩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ ተደርጎ የሚታለፍ አይደለም።

ወሰኑን መንካት

የፈታሽ የመጀመሪያ መሣሪያ እስክሪብቶና ወረቀት ነው። አንድ የክፍያ ገጽ በቀን እስከ 30,000 ብር ብቻ ይፈቅዳል እንበል። ሁሉንም ቁጥር ከ1 እስከ 30,000 መሞከር ጅልነት ነው። ብልሽት የሚደበቀው ወሰኑ ላይ ስለሆነ ፈታሹ 29,999 ብር ከ99 ሳንቲም፣ 30,000 ብርና 30,000 ብር ከአንድ ሳንቲም ይሞክራል። ከዚያ ዜሮን፣ ባዶውን፣ ፊደልን፣ በነጠላ ሰረዝ የተከፈለ ቁጥርን ያስገባል። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ግን ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር ነው። ወደ እርስዎ ሒሳብ «ሲቀነስ 500 ብር» ልላክ ብል፣ ያልተፈተሸ ሶፍትዌር ከእርስዎ 500 ብር ወስዶ ለእኔ ሊሰጠኝ ይችላል።

ሳንቲምም አይናቅ። 12 ብር ከ50 ሳንቲም በሆነ ዕቃ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታሰብ 1 ብር ከ87 ሳንቲም ተኩል ይመጣል። ሶፍትዌሩ ይህን በየዕቃው ወደ 1 ብር ከ88 ካጠጋጋ፣ መቶ ዕቃ ሲሸጥ ታክሱ 188 ብር ይሆናል። በጠቅላላው ላይ ቢያስበው ግን 187 ብር ከ50 ነው። ሃምሳ ሳንቲም ለማንም አታሳስብ ይሆናል፤ ነገር ግን የሽያጭ መዝገቡና የሒሳብ መዝገቡ በዓመቱ መጨረሻ ሲፋጠጡ የሒሳብ ሠራተኛዎን እንቅልፍ የምትነሳው እርሷ ናት።

የውጭ መጽሐፍ የማይነግረን

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ክፍል ይህ ጸሐፊ ከሁሉ አብልጦ ይወደዋል፤ ምክንያቱም ኢትዮጵያዊ ፈታሽ ከማንም የውጭ ባለሙያ የሚበልጥበት ቦታ ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ ጳጉሜን አለች። የሕንፃ ኪራይ ሶፍትዌር ያሠራ ባለሀብት ጳጉሜ ላይ ምን እንደሚደረግ መጠየቅ አለበት። ከነሐሴ 30 ቀጥሎ ያለው ቀን ወዴት ይሄዳል? ጳጉሜ 6 በ2015 ዓ.ም. ነበረች፤ ቀጥሎ የምትመጣው በ2019 ዓ.ም. ነው። ፈታሹ ጳጉሜ 5ን፣ ጳጉሜ 6ንና መስከረም 1ን በሁለቱም ዓይነት ዓመት ያስገባል፤ ጳጉሜ 7ንም ያስገባና ሶፍትዌሩ «የለም» ማለቱን ያያል። ለአምስት ቀን ኪራይ ይታሰብ ወይስ አይታሰብ የሚለውን ግን ፈታሹ አይወስንም። ባለቤቱን ይጠይቃል፤ ያልተጠየቀ ባለቤት ኋላ ከተከራይ ጋር ይካሰሳል።

ሰዓትም እንደዚሁ ነው። ኮምፒውተሩ ቀን የሚቀይረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ሲሆን፣ በእኛ ልማድ ግን ቀን የሚነጋው ጎህ ሲቀድ ነው። አንድ ሆቴል አርብ ማታ ከፍቶ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ገንዘብ ቢቀበል፣ ገንዘብ ያዡ «የአርብ ሽያጭ» ይላል፤ ሲስተሙ ግን የቅዳሜ አድርጎ ይመዘግበዋል። ፈታሹ ከ6 ሰዓት አንድ ደቂቃ በፊትና አንድ ደቂቃ በኋላ ሽያጭ መዝግቦ፣ የዕለቱ ሪፖርት ላይ የት እንዳረፉ ያያል።

የስም ነገር ደግሞ አለ። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ አንድ ሰው ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት ሰዎች ናቸው። ሠ እና ሰ፣ ጸ እና ፀ፣ አ እና ዐም እንዲሁ። የደንበኛ ዝርዝር ውስጥ በአንዱ ፊደል ተመዝግቦ በሌላው ሲፈለግ «የለም» የሚል ሶፍትዌር፣ አንድን ባለዕዳ ሁለት ጊዜ እንዲበደር በር ይከፍታል። ወደ አንጋጫና ወደ ሆሳዕና ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። ከምባትኛና ሀድይኛ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ሲሆን፣ ከጉሮሮ የሚወጣውን ድምፅ የምታመለክት ከፍ ብላ የምትቀመጥ ትንሽ ጭረት አለቻቸው። ይህች ጭረት ለዳታቤዝ የትእዛዝ ቋንቋ ልዩ ትርጉም አላት፤ ጽሑፍ አለቀ ማለት ናት። በጥንቃቄ ባልተሠራ ሶፍትዌር ውስጥ ጭረቷ ያለችበት ስም ሲገባ ፕሮግራሙ ይሰናከላል። ከዚያ የከፋው ደግሞ፣ በዚያችው ቀዳዳ አንድ ተንኮለኛ ሰው የራሱን ትእዛዝ አስገብቶ የደንበኞችን መዝገብ ሊያነብ መቻሉ ነው። አንድ ተራ ስም በማስገባት ብቻ ፈታሹ ሁለቱንም ያውቃል።

የስልክ ቁጥርም ቢሆን በ09 ብቻ እንደሚጀምር አድርገው የሠሩ አሉ። ሳፋሪኮም ከገባ ወዲህ በ07 የሚጀምር ብዙ ነው። ከእነዚህ ከተሞች ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደው ሰው ብዛት የታወቀ በመሆኑ ደግሞ፣ ከዚያ የሚደውል ደንበኛ ቁጥሩን በአገሩ መለያ ሲያስገባ ምን እንደሚሆን ማየት ግዴታ ነው።

መሣሪያዎቹ

አሁን ወደ አንጋጫው ድርብ ክፍያ እንመለስ። ምን ሆነ? ስልኩ የላከው ትእዛዝ ሰርቨሩ ዘንድ ደርሷል፤ ገንዘቡም ተላልፏል። የጠፋው መልሱ ነው። ስልኩ መልስ ስላላገኘ «አልተሳካም» አለ። መልእክቱ ራሱ ውሸት ነበር፤ ትክክለኛው «ውጤቱ አልታወቀም፤ ሒሳብዎን ይመልከቱ» ነው። ሁለተኛው ትእዛዝ ደግሞ እንደ አዲስ ተቆጠረ። መድኃኒቱ ነጋዴ ሁሉ የሚያውቀው የቼክ ቁጥር ነው። አንድ ቼክ ሁለት ጊዜ አይከፈልም። እንደዚሁ ስልኩ ለእያንዳንዱ የክፍያ ትእዛዝ አንድ መለያ ቁጥር ቢሰጥና ድጋሚ ሲልክ ያንኑ ቁጥር ቢጠቀም፣ ሰርቨሩ «ይህንን ከፍያለሁ» ብሎ የመጀመሪያውን መልስ ብቻ ይደግማል።

ፈታሹ ይህንን እንዴት ይደርስበታል? ቀላሉ መንገድ «ላክ» ብሎ ወዲያውኑ ስልኩን ፍላይት ሞድ ላይ ማድረግ ነው። ግን ትእዛዙ ከመውጣቱ በፊት ይሁን በኋላ መቋረጡን በዚህ መንገድ መቆጣጠር ያስቸግራል። ስለዚህ ፊድለር ወይም ቻርልስ የሚባሉ ፕሮግራሞችን ይጠቀማል። እነዚህ በስልኩና በሰርቨሩ መካከል እንደ ኬላ ይቆማሉ፤ ትእዛዙ እንዲያልፍ ፈቅደው መልሱን ይይዙታል። አንጋጫ ላይ በአጋጣሚ የሆነው እዚህ በፈቃድ ይሆናል።

በኮምፒውተር የሚከፈት ገጽ ከሆነ ክሮም ብቻውን ብዙ ያደርጋል። ኤፍ 12 የሚለውን ቁልፍ ሲጫኑ የገንቢዎች መስኮት ይከፈታል። «ኔትወርክ» በሚለው ክፍል ገጹ ከሰርቨሩ ጋር የተለዋወጠው ሁሉ አንድ በአንድ ይታያል፤ ፍጥነቱንም ወደ ደካማ ኔትወርክ መቀነስ ወይም ጨርሶ ማቋረጥ ይቻላል። በአዲስ አበባ ፋይበር ላይ በሁለት ሰከንድ የሚከፈት ገጽ፣ ፍጥነቱ ዝቅ ሲል ስንት እንደሚፈጅ ማየት ብዙ ኩራት ያበርዳል።

ፖስትማን ደግሞ ሕንድ ውስጥ የተወለደ መሣሪያ ሲሆን፣ የመተግበሪያውን ገጽ ትቶ በቀጥታ ከሰርቨሩ ጋር ያነጋግራል። ጥቅሙ ምንድን ነው ቢሉ፣ ገጹ ላይ ከዜሮ በታች ቁጥር እንዳይገባ ተከልክሎ ይሆናል፤ ሰርቨሩ ግን አልተከለከለም ይሆናል። የፊት በሩን ቆልፎ የጓሮውን የተወ ቤት በፖስትማን ይገኛል።

ከሁሉም በላይ ግን ኤስኪዩኤል የሚባለውን የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ የማያውቅ ፈታሽ፣ ደብተር ማንበብ እንደማይችል ሒሳብ ተቆጣጣሪ ነው። ገጹ «ተከፍሏል» ሲል እርሱ ወደ መዝገቡ ገብቶ ያያል። በአንድ ጥያቄ፣ በሁለት ደቂቃ ልዩነት ከአንድ ላኪ ወደ አንድ ተቀባይ የሄዱትን እኩል ገንዘቦች ዝርዝር ያወጣል። በሌላ ጥያቄ፣ የወጪው ድምር ከገቢው ድምር ጋር መግጠሙን ያያል። ነጋዴው በደብተራቸው ያደረጉት ይህንኑ ነበር፤ የሚጠበቀው አንድ ኩንታል፣ የተገኘው የሁለት ክፍያ።

ድግግሞሹን ለማሽን የሚሰጡት ሴሌኒየምና ፕሌይራይት ናቸው። ሴሌኒየም በ2004 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ ተጀመረ። ስሙ የመጣው ከቀልድ ነው ይባላል፤ በጊዜው ገበያውን የያዘው ተወዳዳሪ ኩባንያ ስሙ ሜርኩሪ ነበርና፣ ሴሌኒየም የተባለው ንጥረ ነገር የሜርኩሪን መርዝ ያረክሳል ተብሎ። ፕሌይራይት ማይክሮሶፍት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ሁለቱም ያለክፍያ ይገኛሉ። ፈታሹ አንዴ ይጽፋል፤ ከዚያ በኋላ ሶፍትዌሩ በተነካ ቁጥር መቶ ብር ያለው ሰው መቶ አንድ ብር እንዲጠይቅ የሚያደርገው ማሽኑ ነው። ለዚህ ጥቂት ፕሮግራሚንግ፣ ፓይተን ወይም ጃቫስክሪፕት፣ ማወቅ ያሻል። የሥራውን ታሪክ የሚጠብቀውን ጊትንም እንዲሁ።

ጄሜትር ደግሞ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ያሳያል። ሁልጊዜም ብዛቱ ብቻ አይደለም ቁም ነገሩ። አንድ ሺህ ብር ካለበት አንድ ሒሳብ ላይ ሁለት ትእዛዞች በአንድ ቅጽበት እያንዳንዳቸው አንድ ሺህ ብር ቢጠይቁ፣ ሁለቱም ቀሪውን አይተው «አለ» ካሉ ሁለት ሺህ ብር ይወጣል። በእጅ ሲሞከር አይገኝም፤ የሰው ጣት አይፈጥንም። በጄሜትር ግን ሃምሳ ትእዛዝ በአንድ ጊዜ መልቀቅ ይቻላል።

መሣሪያዎቹ አብዛኞቹ ነፃ መሆናቸውን ልብ ይሏል። ወጪው የሰው ጊዜ ነው። ባለሀብቱ የሚቆጥበው መስሎት የሚሰርዘውም ይህንኑ ነው።

ሲቀጥሩና ሲረከቡ

ፈታሽ ነኝ ለሚል ወጣት የመሣሪያ ስም ዝርዝር አይጠይቁት፤ ስም ማንም ያጠናል። አንድ ተራ የኪራይ ወይም የክፍያ ገጽና አንድ ሰዓት ይስጡት። ከዚያ የጻፈውን የብልሽት ሪፖርት ያንብቡ። «ክፍያው አይሠራም» ብሎ የጻፈ ገና ነው። «በዚህ ዓይነት ስልክ፣ በዚህ ቅጂ፣ 2,000 ብር ልኬ መልሱ ከመምጣቱ በፊት ኔትወርክ ተቋረጠ፤ ‹አልተሳካም› አለ፤ ድጋሚ ስልክ ሁለት ክፍያ ተመዘገበ፤ የሚጠበቀው አንድ ነበር፤ የሁለቱ መለያ ቁጥሮች እነዚህ ናቸው» ብሎ የጻፈ ግን ደመወዙን አገኘ። ፕሮግራም ጸሐፊው ይህን አንብቦ ሳይጠይቅ ብልሽቱን ሊደግመው ይችላልና።

ማስረጃ የሚፈልግ አሠሪ ካለ ዓለም አቀፉ አይኤስቲኪውቢ የመጀመሪያ ደረጃ ፈተና አለ። አርባ ጥያቄ በ60 ደቂቃ ሲሆን ማለፊያው 65 በመቶ ነው፤ ቋንቋው የአፍ መፍቻው ላልሆነ ተፈታኝ 15 ደቂቃ ይጨመርለታል። ጥሩ መነሻ ነው፤ ኤስኪዩኤል ግን አያስተምርም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች መርሐ ግብርም ያለክፍያ ፕሮግራሚንግና የአንድሮይድ ሥራ ስላስተማረ፣ ለፈታሽነት የሚመች መሠረት የያዘ ወጣት ከክፍለ ሀገር ከተሞችም ማግኘት ይቻላል። እንዲያውም ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ከተማ ያደገ ልጅ ለዚህ ሥራ አንድ እርምጃ ቀድሟል ባይ ነው ይህ ጸሐፊ።

በውል ላይ ሁለት ነገር ያስገቡ። አንደኛ፣ የመጨረሻው ክፍያ የሚፈጸመው ከፕሮግራም ጸሐፊው ውጭ የሆነ ሰው የፈተሸበት ሰነድ ሲቀርብ መሆኑን። ሁለተኛ፣ ማንኛውም ማሻሻያ ሲደረግ የቀድሞዎቹ ፈተናዎች ሁሉ ተደግመው ውጤታቸው እንደሚሰጥዎ። የርክክቡ ዕለት ደግሞ ርካሽ የሆነውን ስልክ ይዘው ይሂዱ፤ ባለሙያው ያመጣውን አዲሱን አይቀበሉ። ብር ይላኩ፤ ኔትወርኩን ያጥፉ፤ እንደገና ይላኩ። የተላከውን ገንዘብ ማስመለስም ይሞክሩ፤ ይህኛውን የሚፈትሽ ጥቂት ነው።

አለመፈተሹን ይህ ጸሐፊ በራሱ አይቶታል። ከአንጋጫ በተመለሰ በአራተኛው ቀን ስልኩ ላይ «ድርብ ክፍያዎ ተስተካክሏል» የሚል መልእክት ገባ። ድርጅቱ ሁለት ሺህ ብሩን ማንንም ሳይጠይቅ ከነጋዴው ሒሳብ ቀንሶ መልሶታል። ነጋዴው ግን ያንኑ ገንዘብ መጋዘናቸው ውስጥ በጥሬው ቆጥረው ሰጥተው ነበር። ሲደወልላቸው ደብተራቸውን ገልጠው ጉድለቱን ቀድመው አይተውት ኖሯል። በመተግበሪያው ይላክልዎ ቢባሉ «ተው ልጄ» አሉ። ሁለት ሺህ ብሩ በፖስታ ታሽጎ፣ እሳቸው በሚያውቁት የሆሳዕና ሚኒባስ ሾፌር እጅ ተላከላቸው።